ቤት ከመከራየት አስቀድሞ ሰፈርን ስለ መምረጥ

በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፤ ከደሴና ከጎንደር፥ ከጅማና ከሐረር፥ ከሌላውም አገር ሁሉ የዝውውር ደብዳቤ በእጁ የያዘ ብዙ ሰው ወደ አዲስ አበባ ይገባል። አንዳንዱ የመንግሥት ጸሐፊ፥ አንዳንዱ መምህር፥ አንዳንዱ አስታማሚ ወይም ሐኪም፥ አንዳንዱም ከገጠር ደብር ወደ ከተማ ደብር የተመደበ ካህን ነው። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም «ቤት ከወዴት አገኛለሁ?» የሚል ነው። እኛ ዛሬ ለማሳሰብ የምንወደው፤ ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ሊሆን የሚገባው መሆኑን ነው። ፊተኛው ጥያቄ «በየትኛው ሰፈር ልቀመጥ?» የሚለው ነውና። የቤት ጣራ ቢያፈስ ይከደናል፤ ግድግዳው ቢቈሽሽ ይቀባል፤ ሰፈርን ግን ተከራይ ሊያድሰው አይችልም።

ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ለከተማችን ታሪክ ምስክር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር፤ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩ ወዲያ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ በግቢው ዙሪያ ቦታ ሰጡ፤ እያንዳንዱም መኰንን ከነጭፍራውና ከነቤተ ሰቡ በተሰጠው ኰረብታ ላይ ሰፈረ። ስለዚህም የራስ መኰንን፥ የራስ ተሰማ፥ የራስ ካሣ፥ የደጃች ውቤ ሰፈር እየተባለ ስሙ ቀረ። እጀ ብልሃተኛው በሠራተኛ ሰፈር፥ ዘበኛውም በዘበኛ ሰፈር ተቀመጠ። በዚያን ዘመን እንግዲህ ሰው ሰፈሩን አይመርጥም ነበር፤ ጌታው የሰፈረበት ሰፈሩ ነበርና። ሥራውም፥ ጎረቤቱም፥ በመከራ ቀን የሚጠጋበትም ሰው በአንድ ቦታ ነበሩ። (በአማርኛችን እህልን በቁና መለካትንም «ሰፈረ» እንለዋለን፤ በአዲስ አገር የሚሰፍር ሰው አስቀድሞ ሊሰፍረው የሚገባ ነገር እንዳለ ቃሉ ራሱ የሚያሳስብ ይመስላል።)

የዛሬው መጪ ግን እነዚህን ሦስቱን በአንድ ቦታ አያገኛቸውም። መሥሪያ ቤቱ በአንድ ወገን ነው፤ በደመወዙ የሚችለው ቤት በሌላ ወገን ነው፤ ዘመድ ቢኖረው ደግሞ ዘመዱ በሦስተኛ ወገን ይገኛል። ስለዚህ ሰፈር መምረጥ ማለት፤ ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛውን አቅርቦ የትኛውን ማራቅ እንደሚሻል መቍረጥ ማለት ነው።

ቀድሞ ለመንግሥት ሠራተኛ ይህን ሐሳብ የሚያቀልሉለት ነገሮች ነበሩ። ጠላት አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ፤ ጣልያኖች ለመንግሥታቸው ሠራተኞች መኖሪያ የሚሆን ቤት በረድፍ በረድፍ ሠርተው ነበር። ይህንም ሥራ የሚሠራው ድርጅት በምሕፃረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር፤ ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ፤ ሕዝቡም ቃሉን በአፉ አለዝቦ ካዛንችስ አለው። ካዛንችስ ስንል እንግዲህ ሳናውቀው የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ማለታችን ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ፤ በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፤ ወርኀዊ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፥ ከፍ ያሉትም ኪራይ ቤቶችን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት እጅ ገቡ። የቀበሌ ቤት ያገኘ ሰው በጥቂት ብር ለብዙ ዓመት ኖረበት፤ ልጅ ወለደበት፤ ልጁም ወረሰው። የገባ አይወጣምና፤ ዛሬ ከደሴ ተዛውሮ ለሚመጣ ጸሐፊ ከዚያ የሚተርፈው ክፍል የለም።

ቀሪው የግል ኪራይ ነው። እርሱም በባለቤቱ ግቢ ከኋላ የተሠራ ሰርቪስ ቤት፥ ወይም ከኮንዶሚኒየም አንድ ወይም ሁለት መኝታ ያለው ቤት፥ ወይም በጭቃ የተመረገ አንድ ክፍል ይሆናል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሻል ለመናገር አንደክምም፤ ይህን የእያንዳንዱ ከረጢት ይፈርደዋል።

ነገር ግን ስለ ሰፈር ስም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የሰፈርን ስም እንደ ማዕርግ ልብስ የሚለብሱ ሰዎች አሉ። «ወዴት ይቀመጣሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «ቦሌ» ብለው ለመመለስ ሲሉ፤ የደመወዛቸውን እኩሌታ፥ አንዳንድ ጊዜም ከእኩሌታው በላይ፥ ለአከራይ ይሰጣሉ። ቦሌ ማለፊያ ሰፈር ነው፤ ይልቁንም ሥራው በአውሮፕላን ማረፊያው ለሆነ ሰው ይስማማዋል። ሥራው አራት ኪሎ፥ ደመወዙም የጀማሪ ጸሐፊ ለሆነ ሰው ግን ስሙ ከማስደሰት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ይህም ነገር ለራሱ ለተከራዩ ብቻ የሚተው አይደለም። ደመወዙን በወሩ መጀመሪያ ለአከራይ አስረክቦ ባዶ እጁን ወደ ጠረጴዛው የሚመለስ ሹም፤ በወሩ መካከል ባለጕዳይ ፖስታ ይዞ ሲመጣበት ለመመለስ ኀይል ያንሰዋል። መማለጃን የሚያወግዝ ቃል ብዙ ተጽፎአል፤ ብዙም ተሰብኮአል። መማለጃ የሚገባበትን በር ግን ብዙ ጊዜ የሚከፍተው ከአቅም በላይ የሆነ የቤት ኪራይ መሆኑ እምብዛም ሲነገር አንሰማም። በእኛ አስተያየት፤ የመንግሥት ሠራተኛ ለኪራይ ከደመወዙ ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ከሚያልፍ ይልቅ፤ ስሙ ወዳልገነነ ሰፈር ቢሄድ ለክብሩም ለሥራውም ይበጀዋል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነም ስሕተት አለ። ኪራዩ ስለ ረከሰ ብቻ ወደ ከተማው ዳርቻ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ሰው፤ ያተረፈው ብር በታክሲ ይመነዘራል። ባዲስ አበባ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በታክሲ ቍጥር መሆኑን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ «በአንድ ታክሲ» እና «በሦስት ታክሲ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ታላቅ ነው። ለምሳሌ ከየካ አባዶ ወይም ከቦሌ አራብሳ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው ከተማ የሚሠራ ሰው ብንወስድ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፥ ማታም አንድ ሰዓት ተኩል በመንገድና በወረፋ ቢያሳልፍ፤ በቀን 3 ሰዓት፥ 22 የሥራ ቀን ባለው ወርም 66 ሰዓት ይሆንበታል። ይህንም በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ብንመነዝረው ከ8 ቀን በላይ ነው። ከዚህም ጋር ልጆቹን ሲነሡ አያያቸውም፤ ሲተኙም አይደርስባቸውም። እንዲህ ያለው ሰው የኪራዩን ሒሳብ ሲያወጣ እነዚያን 8 ቀኖች መጨመር ይገባዋል።

እንግዲህ መካከለኛውን መንገድ እንዴት ያገኘዋል? አስቀድሞ መሥሪያ ቤቱን ማዕከል አድርጎ፤ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስበትን ሰፈር ሁሉ ይጠይቅ። መሥሪያ ቤቱ በአራት ኪሎ ወይም በስድስት ኪሎ ከሆነ፥ ወይም በመንበረ ፓትርያርክ የሚያገለግል ካህን ከሆነ፤ ቀበናን፥ ግንፍሌን፥ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን፥ ሽሮ ሜዳን ይመልከት። እነዚህ ሰፈሮች ብዙ ያረጀ ቤትና ጠባብ መተላለፊያ አለባቸው፤ ነገር ግን ሰው በእግሩ ወርዶ በእግሩ የሚመለስባቸው ናቸው። ከእንጦጦ ግርጌ ያሉት ብርዳቸው ይጠናል። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ የአቃቂ ሜዳ ግን ወደ 2100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከድሬዳዋ ወይም ከአፋር ቆላ የመጣ ሰው ከነልጆቹ ይህን ልዩነት በሐምሌ ሌሊት ያውቀዋል። በልደታ ፍርድ ቤት የሚሠራ ሰው የልደታን ኮንዶሚኒየሞች ኪራይ ካልቻለ ጦር ኃይሎችንና ኮልፌን ይጠይቅ። በቃሊቲ በጉምሩክ ወይም በፋብሪካ የተመደበ ሰው ግን ወደ መካከለኛው ከተማ ምን ያመጣዋል? አቃቂና ሳሪስ እያሉለት፤ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ከተማው በሚገባበት ሰዓት እርሱ በተቃራኒው ይወጣልና መንገዱ ይቀልለታል።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር፤ አንዱ መስመሩ ከአያት በመገናኛና በስታዲየም አልፎ በልደታ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች፥ ሌላው ከሰሜን ወደ ደቡብ እስከ ቃሊቲ እንዲሄድ ሆኖ ተሠርቷል። በዚህ መስመር ዳር ያለ ሰፈር ለደመወዝተኛ መልካም ነው፤ ሆኖም ጣቢያ መኖሩን ብቻ አይቶ መደሰት አይበቃም። ሰኞ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ በጣቢያው ቆሞ፤ ባቡሩ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣና በመጣም ጊዜ ለእግር ማሳረፊያ ቦታ እንዳለው መመልከት ያሻል።

በከተማው ዳርቻ ለሚከራይ ሰው ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፤ አዲስ አበባን ከበው ያሉት ብዙ ሰፈሮች በዚያ አስተዳደር ሥር ሆነዋል። በዓይን ሲያዩት አንዱ ሰፈር ከሌላው ጋር የተያያዘ ነው፤ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት፥ ልጅን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስገባት ግን ሰፈሩ በየትኛው አስተዳደር እንደሚቈጠር ማወቅ ግድ ነው። ይህን ከደላላ አፍ ሳይሆን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ከቀድሞ ቀበሌ መሸኛ ደብዳቤ ሳይዙ መምጣትም፤ በኋላ አንድ ወረቀት ለማምጣት ብቻ ወደ መጡበት አገር የሚያስመልስ ሆኖ ይገኛል።

ስለ መፍረስም መጠየቅ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንችስ ለኮሪደር ልማት ሲባል ብዙው ክፍላቸው ፈርሷል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ከተማ ሲታደስ እንዲህ መሆኑ አይቀርም። ባለቤቱ ምትክ ወይም ካሣ የሚጠይቅበት ሥርዓት አለው፤ የተከራይ ነገር ግን እንዲህ አይደለም፤ ዕቃውን አንሥቶ ሌላ ቤት ከመፈለግ በቀር ብዙ መንገድ የለውም። ስለዚህ ሰፈሩ በልማት ዕቅድ ውስጥ እንዳለና እንደሌለ አስቀድሞ በወረዳው መጠየቅ፤ ልጆቹን በዓመቱ መካከል ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ከማዛወር ያድነዋል።

ውኃንም ሰው ዝቅ አድርጎ ማየት የለበትም። በብዙ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በአንዱ በሳምንት ሁለት ቀን፥ በሌላው ሌሊት ብቻ ይመጣል። ግቢው ሮቶ ካለው ነገሩ ይቀላል፤ ከሌለው ግን ጀሪካን መደርደር ነው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም በአራተኛ ፎቅ የተከራየ ሰው፤ ውኃው ወደ ላይ መውጣት ባቃተው ቀን 20 ሊትር ጀሪካን በትከሻው ተሸክሞ ደረጃውን ይቈጥራል። ቤት ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ቧንቧውን ከፍተው ሲፈስ አይተው ደስ ይላቸዋል፤ የፈረቃው ቀን እንደ ሆነ ግን አይጠይቁም። ደግሞም ቤትን በጥር ፀሐይ ማየትና በነሐሴ ዝናብ ማየት አንድ አይደለም። በጥር ወር አቧራ ብቻ የነበረው መንገድ በነሐሴ ጭቃ ሆኖ ጫማ ያስቀራል፤ በበጋ ደርቆ የሚታየው የወንዝ ዳር ቤት በክረምት ጎርፍ ይጎበኘዋል። በቀበናና በባንቲ ይቀጡ ወንዞች ዳር የሚከራይ ሰው፤ ውኃው ባለፈው ክረምት እስከ ወዴት ደርሶ እንደ ነበር ከአከራዩ ሳይሆን ከጎረቤት ቢጠይቅ ይሻላል።

አሁን ወደ አከራይና ተከራይ ነገር እንምጣ። የአከራይ ጥያቄ በየሰፈሩ አንድ ነው፤ «ቤተ ሰብዎ ስንት ነው? ልጅ አለዎት? እንግዳ ይበዛብዎታል? ማታ በስንት ሰዓት ይገባሉ?» የሚል ነው። ልጅ የበዛበት ሰው ቤት ማግኘት ይጨንቀዋል፤ ይህም በልጆች ብዛት መመረቅን ለሚያውቅ ሕዝብ የሚያሳዝን ነገር ነው። የበር መዝጊያ ሰዓትም ቀላል ነገር አይምሰል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በሩን ቈልፎ ቍልፉን ከራስጌው የሚያኖር አከራይ ዘንድ፤ ለማሕሌት ሌሊት 8 ሰዓት የሚወጣ ካህን ወይም ከሌሊት ተራ የሚመለስ አስታማሚ እንዴት ሊኖር ይችላል? ይህን የመሰለው ሰው ሥራውን ሳይደብቅ በመጀመሪያው ቀን ቢናገር፤ ወይ ቍልፍ ይሰጠዋል፥ ወይ ሌላ ቤት ይፈልጋል፤ ገብቶ ከመጣላት ግን ይድናል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 ለዚህ ሁሉ ነገር ሥርዓት አበጅቷል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በሚቈጣጠረው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፤ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፤ አስቀድሞ የሚከፈለው ገንዘብ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን፤ ጭማሪውም እንደ አከራዩ ፈቃድ በየጊዜው እንዳይሆን ደንግጓል። ይህ ለተዛወረ ሠራተኛ ታላቅ መጠጊያ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ተከራይ «ውሉን ካስመዘገብክ ቤቱን አልሰጥህም» ሲባል ከቸገረው የተነሣ ዝም ይላል፤ ወይም በውሉ ላይ አንሶ የተጻፈ ገንዘብ ፈርሞ ሌላውን በእጁ ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ውል የፈረመ የመንግሥት ሹም ሕግን ለማስከበር ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ ምን እንደሚሰማው ለራሱ እንተወዋለን። በውል የማይገባ አከራይ ከሚበዛበት ሰፈር፤ ውሉን አስመዝግቦ የሚያከራይ አንድ ሰው ያለበት ሰፈር ይመረጣል፤ የመንገዱ ርዝመት በጥቂት ቢበልጥም ቅሉ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ ሊደረግ የሚገባው ነገር፤ በሰላም ቀን የማይታሰብ ሆኖ የሚቀረው ነው፤ ይኸውም ዕድር ነው። አዲስ መጪ ሰው ቤቱን፥ መንገዱን፥ ውኃውን ጠይቆ ሲያበቃ፤ «በዚህ ሰፈር ተከራይ የሚቀበል ዕድር አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ከመቶ አንድ አይገኝም። ብዙ ዕድር ተከራይን ለመቀበል ያመነታል፤ ነገ ሰፈር ለቅቆ ይሄዳል፥ መዋጮውም ይቋረጣል ብሎ ይሰጋልና። ተከራዩም በበኩሉ የመግቢያውን ገንዘብ አይቶ፤ «እኔ በዚህ ሰፈር ምን ያህል ልቈይ ነው?» ብሎ ይተወዋል። ሞት ግን የውል ዘመን እስኪፈጸም አይጠብቅም። በኪራይ ቤት ሰው ሲሞት፤ አከራዩ በግቢው ድንኳን እንዳይተከል፥ ለቅሶኛ እንዳይበዛ ሲያንገራግር፤ ሟቹም ከሩቅ አገር የመጣ፥ ባለቤቲቱም ሰፈሩን የማታውቅ ስትሆን፤ ድንኳኑን ማን ይተክላል? ሣጥኑን ማን ያመጣል? ለለቅሶኛው ውኃና ንፍሮ ማን ያቀርባል? ከተማው በሰው ብዛት የታፈነ ቢሆንም ቅሉ፤ እንዲህ ያለች ሴት በዚያች ሌሊት ከምድረ በዳ አትለይም።

ስለዚህ ሁለት ሰፈር በኪራይም በመንገድም ቢተካከሉ፤ ዕድሩ ተከራይን የሚቀበለው ሰፈር ሳያጠራጥር ይመረጥ። በአንዱ ሰፈር የአገሩ ሰዎች፥ የማኅበሩ ወይም የሥራ ባልደረቦቹ ካሉበትም፤ ኪራዩ በጥቂት ቢበልጥ ልዩነቱን ለዕድር መዋጮ እንደ ከፈለው ይቍጠረው። በመሥሪያ ቤት የተቋቋመ ዕድር ለተዛዋሪ ሰው መልካም ረዳት ነው፤ የሰፈርን ዕድር ግን ፈጽሞ አይተካም፤ በሌሊት የሚደርሰው ጎረቤት ነውና። በዚህ ነገር ካህናት ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። አዲስ መጪ ምእመን ወደ ደብሩ ሲመጣ የንስሐ አባት መስጠት ብቻ ሳይሆን፤ ከሰፈሩ የዕድር ዳኛ ጋር ቢያስተዋውቁት፥ በሐቅ የሚያከራይ ባለቤትም ቢያመለክቱት፤ ደላላ በገንዘብ የማይሠራውን ሥራ በአንድ ቃል ይሠሩታል። በመስጊድ ዙሪያ ያሉ ሽማግሎችም ለእስላም ወንድሞቻችን ይህንኑ ሲያደርጉ እናያለን፤ በብዙ ሰፈርም ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ዕድር ተጽፈው አብረው ይቀብራሉ።

ሰፈሩን ለመመርመር ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ፤ የሚቻለው ሰው ብቻውን አስቀድሞ መጥቶ በዘመድ ወይም በወዳጅ ቤት ጥቂት ሳምንት መቈየቱ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ያሰበውን ሰፈር አንድ ጊዜ ማለዳ፥ አንድ ጊዜ ማታ፥ አንድ ጊዜም በዝናብ ይዙርበት። በቀን ጸጥ ያለው ጎዳና በሌሊት የጭፈራ ቤት ደጅ ሆኖ ይገኛል፤ በእሑድ ባዶ የሆነው ሜዳ በሥራ ቀን የጋራዥ ጩኸት ይሞላዋል። ሱቅ ገብቶ ዳቦ እየገዛ ከባለ ሱቁ ጋር ቢጫወት፤ ደላላው በሳምንት የማይነግረውን በሩብ ሰዓት ይሰማል። ጎረቤት «ከዚህ በፊት የነበረው ተከራይ ለምን ወጣ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ፥ ወይም ዝም ማለቱ፥ ከቤቱ ግድግዳ ይልቅ ስለ ቤቱ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ግን ጊዜን ይጠይቃል፤ ጊዜውም በሠራተኛው እጅ ሳይሆን በሚያዛውሩት አለቆች እጅ ነው። የዝውውር ደብዳቤ በዓርብ ተሰጥቶት በሰኞ ሥራ ግባ የተባለ ሰው፤ ሰፈር ሊመርጥ ቀርቶ ከደላላ እጅ የመጀመሪያውን ቤት ከመቀበል በቀር ምን ያደርጋል? የሁለት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ቈጥሮ ማቅረብም በአንድ ወር ደመወዝ የሚሆን አይደለም፤ ስለዚህ ተበድሮ ይገባል፥ ዓመቱንም በዕዳ ይጀምራል። መሥሪያ ቤቶች ከሠራተኛው ደመወዝ ቀስ በቀስ የሚቀነስ ብድር ቢፈቅዱለት፥ ደብዳቤውንም አስቀድመው ቢሰጡት፤ ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያገኙትም ሠራተኛ ከጭንቀት ያረፈ ይሆናል። ደብዳቤው በሰኔ ቢደርሰው፤ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ሰፈሩን አይቶ፥ በነሐሴ ውሉን ፈርሞ ልጆቹን በትምህርት ቤት አስመዝግቦ፥ በጳጉሜን ዕቃውን ጭኖ ሊገባ ይችላል።